የናርዶስ ለውዝ

ኅዳር 12 ቀን 2084 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኤልዳና ለውዟን ልትወስድ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ወረደች።

ወንድሟ ሰኞ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በደብረ ብርሃን የብሎክ 61 ነዋሪዎች መረዳጃ ዕድር ደንብ፣ አንቀጽ 9፣ ሐዘንተኛ ለሦስት ቀን አሚግዳላውን ለዕድሩ ያስረክባል ይላል። አሚግዳላ አንጎል ውስጥ በግራና በቀኝ ጠለቅ ብላ የተቀመጠች፣ የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል ናት። ፍርሃትና ድንጋጤ፣ የሐዘንም ግማሹ፣ እዚያ ነው የሚፈላው። በብሎኩ ግን አሚግዳላ የሚል ሰው የለም። «ለውዜን አስቀምጫለሁ» ነው የሚባለው፤ «ጫማዬን ለሊስትሮ ሰጥቻለሁ» እንደማለት።

ለውዝ በፔርሙዝ ትቀመጣለች። ሐዘኑ በወንፊት ተጣርቶ ይወጣና ለመቶ አርባ አንዱ አባላት እኩል ይከፋፈላል። አባል ድርሻው ሲደርሰው ባለበት ያለቅሳል። ሊፍት ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይም ሊሆን ይችላል። በአማካይ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ወንፊቱ የመጣው በ2076 ነው። ከዚያ በፊት የአንዲት ባለትዳር ሐዘንተኛ ለስድስተኛ ፎቁ የቧንቧ ሠራተኛ የነበራት ድብቅ ፍቅር ከሐዘኗ ጋር ተቀላቅሎ ለመላው ዕድርተኛ ስለደረሰ፣ ሰውዬው ከተማ ለቅቆ እስከመሄድ ደርሶ ነበር።

ዕቃ ቤቱን የሚይዙት ጋሽ ያብስራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ፔርሙዝ አንሥተው ቁጥር የሚያነበው መቃኛ ሥር አደረጉት። መቃኛው ጮኸ። ቁጥሩ የኤልዳና አይደለም ማለቱ ነው።

የብሎኩ ሴቶች ግን በቁጥር አያምኑም። ድስትና ትሪ ከዕድር ቤት ተቀያይሮ ይመለስ የነበረበትን ዘመን ከእናቶቻቸው ሰምተዋል። ስለዚህ እያንዳንዷ የፔርሙዟ ቂጥ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት ታደርጋለች። ጋሽ ያብስራ ፔርሙዙን ገለበጡት። ቀይ መስቀል አለበት።

«ምልክትሽ ይሄ አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲያው ከማሽን ጋር ምን ያጨቃጭቀናል» አሉና የፔርሙዙን አፍ ማጅራቷ ላይ አስጠጉት። ቀጭ አለ። አለቀ።

ከአንድ ሰዓት በፊት ከአሥራ አራተኛ ፎቅ ናርዶስ መጥታ ነበር። እሷም በዚያው ሰኞ አክስቷ አርፋባት ለውዟን አስቀምጣ ኖሯል። የእሷም ምልክት ቀይ መስቀል ነው። ጥፍር ቀለሙን የሚሸጠው በብሎኩ ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ መስቀል ደግሞ ለመሣል ቀላል ነው።

*

ኤልዳና ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባል የሞተባት ናት፤ ሥራዋ የበራሪ ታክሲ ተራ ማስከበር ነው። በመናኸሪያው የምትታወቀው ተራ ሊዘል የሞከረን አንድ ሹም ከነጠባቂው የሰልፉ መጨረሻ ላይ በማስቆሟ ነው። ሹሙ ማን እንደሆነ ሲነግራት «እኔ ደግሞ ኤልዳና ነኝ፤ ተዋወቅን፤ አሁን ወደኋላ» ብላዋለች። ፈርታ የሚያውቃት ሰው የለም።

ከዕቃ ቤት ስትመለስ ሊፍቱ ውስጥ አቶ ናሆምን አገኘች። አቶ ናሆም የናርዶስ ባል ናቸው፤ ዕድሩን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰብሳቢነት መርተዋል። ሰባት ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ የናና ከረሜላ አለ፤ ለልጅ ሁሉ ያድላሉ። ትልቅም ትንሽም «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

«ኤልዱ፣ እግዜር ያጥናሽ» ሊሉ ፈልገው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

የኤልዳና ግራ እጅ ተስፈንጥሮ ግራ ጆሮዋን ሸፈነ። ጀርባዋ ከሊፍቱ ግድግዳ ጋር ተላተመ።

«ምነው ልጄ?»

«ጆሮዬን በላኝ» አለች።

ሊፍቱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ አቶ ናሆም አንድ ከረሜላ መዳፏ ላይ አስቀምጠውላት ወረዱ። የናናው ሽታ አፍንጫዋ ሲደርስ አስመለሳት።

በዚያ ቀን ኤልዳና የፈራቻቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው። መናኸሪያው ላይ አንድ ሾፌር ቁልፉን መስታወት ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ቆማ ቀረች። የናና ማስቲካ የሚያኝክ ተሳፋሪ ሲያናግራት ድምጿ ጠፋ፤ ሰልፉም ወዲያው ፈረሰ። ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በራሷ ቤት፣ ለራሷ ብቻ ወጥ እየሠራች፣ ጨው ልትጨምር ስትል እጇ ጨውን ሁሉ ወለሉ ላይ በተነው። አንድ ቁንጥር በዝቶ ቢሆንስ ብላ ሦስት ጊዜ ቀመሰችው፤ ከዚያም ወጡን ደፋችው። ማን ሊቆጣት እንደሚችል ራሷን ጠየቀች። በቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ሊፍቱ ከሥሯ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሲቆም ሰማች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ራሷን ያገኘችው ሻወር ቤት ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ጎትታ በሩ ላይ አስደግፋ ነው። ማሽኑ ዘጠና ኪሎ ይመዝናል።

*

ዓርብ ጠዋት ዕቃ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

«ጋሽ ያብስራ፣ አብጃለሁ። ጋሼ ናሆም ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ እሞታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ጋሽ ያብስራ ተማሪ ካጡ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጥያቄው ደስ አላቸው።

«አታውቂማ! ለውዝ አታስታውስም። የሚያስታውሰው ሂፖካምፐስ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ማን የሚለውን መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው። ለውዝ ግን ‹አምልጪ› ብቻ ነው የምታውቀው። የፊት አንጎልሽ ደግሞ ‹ቆይ እንጂ፣ ጋሼ ናሆም እኮ ናቸው› ይላል፤ አስቦ፣ አመዛዝኖ። እሱ እስኪያመዛዝን ግን ለውዟ እጅ የሚያነሣውን ክፍል በቀጥታ ደውላለታለች። ልክ እንደ ወረዳችን ቢሮዎች ናቸው። አንድ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው አንዱ ሮጦ ይጨርሳል፣ ሌላው ደብዳቤ ያረቅቃል።»

«እኔ ጋሼ ናሆምን ፈርቼ አላውቅም።»

«እሱማ የማይሆን ነው። ለውዝ ያልተማረችውን አትፈራም። አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው አስተምሯታል ማለት...»

አልጨረሱትም። ሄደው ትናንት ባዶ የሆነውን ፔርሙዝ አነሡ። አሁንም ገለበጡት። ቀይ መስቀሉን በጥፍራቸው ነካኩት፤ ከዚያ መቃኛው ሥር አስገቡት። መቃኛው ትናንት ያለውን ደገመ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን አነበቡት።

«አሥራ አራት፣ ሦስት» አሉ።

አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር ሦስት የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ጋሽ ያብስራ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«የናርዶስ ነው» አለች ኤልዳና። «ናርዶስ ባሏን ትፈራለች።»

«እንግዲህ ትዳር ውስጥ ትንሽ መፈራራት ያለ ነው...»

«ጋሽ ያብስራ። እኔ ዘጠና ኪሎ ማሽን ብቻዬን በር ላይ ጎትቻለሁ።»

ጋሽ ያብስራ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። ሲጠርጉት ቆዩ።

«እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ናርዶስን ጥሪልኝ፤ ቀስ ብለን እናቀያይራችሁ። ማንም አይስማ። ስህተቱ የኔ ነው፤ ሰብሳቢው ከሰሙ በዚህ ዕድሜዬ መዋረዴ ነው።»

«አሁኑኑ አውጡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች ኤልዳና። የእውነቷን ነበር። በዚያ ሰዓት የፈለገችው ወደ ሰልፏ መመለስና ሰው መቆጣት ብቻ ነው።

*

አቶ ናሆም ለስብሰባ ወደ ወረዳ ሲወጡ ጠብቃ አሥራ አራት ቁጥር ሦስትን አንኳኳች። ናርዶስ ከፈተች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከወትሮው ይልቅ ፊቷ ፈክቷል። የታችኛው ከንፈሯ አብጧል።

«እትዬ ኤልዱ! ግቢ እንጂ።»

ኤልዳና ልትገባ እግሯን አነሣች። በሩ ፊት ለፊት መስታወት ጠረጴዛ አለ። እግሯ ደፉን አልሻገር አለ።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

ናርዶስ ጠረጴዛውን አየች፤ ኤልዳናን አየች።

«ወይ ጉድ! አንቺ ጋ ናት እንዴ ያለችው? እኔም ከትናንት ጀምሮ ድመት ባየሁ ቁጥር ልቤ ሲጠፋ የማንን ሰጥተውኝ ነው እያልኩ ነበር። ድመት ትፈሪያለሽ?»

ይህን ማንም አያውቅም፤ የሞተው ባሏ እንኳን አያውቅም ነበር። «ከንፈርሽ ምን ሆነ?» አለች ኤልዳና።

«መታኝ። ትናንት ማታ፣ ጨው በዝቶበት።» ሊፍት ተበላሽቷል የሚል ሰው ድምፅ ነበር። «ሌላ ጊዜ አይደርስብኝም'ኮ፤ በሳምንት አንዴ ቢደርስብኝ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ አራት ሰከንድ የሚሆን ጊዜ አለ። በዚያች አራት ሰከንድ ሻወር ቤት ገብቼ እቆልፋለሁ። ትናንትም ጠረገ። ሰማሁት፤ ምን እንደሚከተልም በደንብ አውቃለሁ። እግሬ ግን ‹ምን አስቸኮለሽ› አለኝ። ተቀምጬ አየሁት። እጁ ሲመጣ እኔ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ካለችው ድመት ላይ ነበር።»

ኤልዳና የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«በግራ ነው አይደል የሚመታሽ?»

«አዎ። ይሄኛው ጆሮዬ ከ2079 ጀምሮ አይሰማም። በቀኜ ነው የማወራሽ፤ ልብ ብለሽ አታውቂም?» ናርዶስ ፈገግ አለች፤ ከንፈሯ ሲያማት ፈገግታውን ተወችው። «እና እባክሽን መልሺልኝ።»

«ምኑን?»

«ፍርሃቴን። ሃያ ዓመት በሕይወት ያቆየችኝ እሷ ናት። ሌላ ጠባቂ የለኝም።»

«አሁን'ኮ አትፈሪውም! ልብስሽን ሸክፊና ውጪ።»

«አለመፍራት ቤት አይሆንም፣ እትዬ። የት ልሂድ? ለሽማግሌ ልናገር? የብሎኩ ሽማግሌ እሱ ነው።»

«ለሰው ንገሪያ!»

«ነግሬያለሁ። መጋቢት ላይ፣ ሊፍት ውስጥ። ‹ጋሼ ናሆም? አይ ናርዲ፣ አንቺ ደግሞ ቀልድሽ› ብለሽ እስክወርድ ሳቅሽ።»

የኤልዳና ሂፖካምፐስ የራሷው ነበርና በትክክል ሠራ። መጋቢት። ማክሰኞ ቀን ነው። ናርዶስ እጅ ላይ ሁለት ፌስታል ቲማቲም። የሳቋ ድምፅ በሊፍቱ ብረት ላይ ሲያስተጋባ። ናርዶስ አሥራ አራተኛ ፎቅ ወርዳ በሩ ሲዘጋ እንኳን ኤልዳና ገና ትስቅ ነበር።

ድመቷ መስኮቱ ላይ መጣች፤ ናርዶስ ወደኋላ አፈገፈገች፤ ኤልዳና ምንም አልመሰላትም።

«ለቅሶ ላይ ነኝ» አለች ኤልዳና። «ብቻዬን ማደር አልቻልኩም። ዛሬና ነገ መጥተሽ አጽናኚኝ። ሐዘንተኛ ዘንድ ማደርን ሰብሳቢው ሊከለክል አይችልም፤ አንቀጽ 11 ነው።»

«ለውዜስ?»

«እስከ እሑድ እኔ ጋ ትቆይ። እሸከማታለሁ።»

ሁለት ሌሊት ኤልዳና ሻወር ቤት ውስጥ፣ ናርዶስ ደግሞ የኤልዳና አልጋ ላይ አደሩ። ናርዶስ እንደ ሕፃን ተኛች።

*

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው በምድር ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። መቶ አርባ አንዱም አባል ተገኝቷል፤ ምክንያቱም የቀረ ሰው በሚቀጥለው ለቅሶ ሁለት ድርሻ ያለቅሳል። አቶ ናሆም መድረኩ ላይ ነበሩ። የሊፍት ጥገና ጸደቀ። የአግዳሚ ወንበሮቹ ጉዳይ ሊነሣ ሲል ኤልዳና እጇን አወጣች።

ስትቆም አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ የምትንቀጠቀጥ ኤልዳናን ያየ ሰው ስላልነበረ።

«በአንቀጽ 14... ለአንድ አባል የከበደ ሸክም... በጥያቄ ለሁሉም ይከፋፈላል ይላል። እጠይቃለሁ።»

«የወንድምሽ ተከፋፍሏል እኮ፣ ኤልዱ» አሉ አቶ ናሆም በርኅራኄ። «አንቀጽ 14 ለሐዘን ነው። ሬሳ ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ ማን ሞተ?»

ከሦስተኛው ረድፍ ናርዶስ ተነሣች።

«እኔ ነኝ። ገና አልሞትኩም እንጂ።»

አዳራሹ ሳቀ። ናርዶስ ሳቁ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀች፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤ እንደምታነብ ሰው ተናገረች። የጆሮዋን ቀን ተናገረች። ጨዉን ተናገረች። የጉሮሮውን ነገር፣ አራቷን ሰከንድ፣ የሻወር ቤቱን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንዳስቀየረች ተናገረች። እንባ የለም፤ ድምጿ አልተሰበረም። ለዚህም ነው ማንም ያላመናት።

«ናርዲዬ፣ አክስትሽ ሞታብሽ ነው፤ ተረጋጊ የኔ እናት» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ተረጋግቻለሁ። ችግሩም እሱ ነው።»

አቶ ናሆም አንገታቸውን ደፉ። «ባለቤቴ ሐዘን ላይ ናት። ጉባኤውን ስለ እሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደ አግዳሚ ወንበሮቹ እንለፍ።»

ብዙ ሰው ከንፈሩን መጠጠ፤ የተመጠጠውም ለአቶ ናሆም ነው።

ጋሽ ያብስራ እስካሁን ጫማቸውን ሲያዩ ነበር። አሁን ተነሡ። ባዶውን ፔርሙዝ ከመቀመጫቸው ሥር አወጡ።

«ሰብሳቢው ራሳቸው ባለጉዳይ ሲሆኑ፣ ዕቃ ቤቱ ይወስናል» አሉ። «አንቀጽ 14፣ ሁለት። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ኤልዳና ዘንድ ደርሰው የፔርሙዙን አፍ ማጅራቷ ላይ አስጠጉ። ቀጭ አለ። መንቀጥቀጧ እንደተዘጋ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጋሽ ያብስራ ሁለት ጣታቸውን ወደ ፔርሙዙ አፍ ከትተው ወንፊቱን ነቅለው አወጡና ኮት ኪሳቸው ውስጥ ጨመሩት።

«ያብስራ! ምን እያደረግህ ነው?» አሉ አቶ ናሆም።

«እያከፋፈልኩ።»

ክፍፍል አርባ ሰከንድ ይፈጃል። አርባው ሰከንድ አለፈ። አንድ ሰው አስነጠሰ። ማንም አላለቀሰም፤ ማንም ምንም አልሆነም። እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ «እና?» ያለ ሰው ነበር።

የአቶ ናሆም ፊት ወደ ቀድሞው ደግነቱ ተመለሰ። ፈገግ አሉ። ንግግራቸውን ሊቀጥሉ ፈልገው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ወንበሮች ወደኋላ ተገፉ፤ አንዱ ወደቀ። የግራ እጆች ሁሉ ተነሥተው ግራ ጆሮዎችን ሸፈኑ፤ የሽማግሌዎቹ፣ የገንዘብ ያዡ፣ «ተረጋጊ» ያለችው ሴት። በሩ አጠገብ የነበሩት በሩን ሊቆልፉ ሞከሩ። እያንዳንዱ እጁ ጆሮው ላይ እንዳለ የጎረቤቱን እጅ ያያል። የደረሳቸው ከመቶ አርባ አንድ አንዱ ብቻ ነው። ሙሉው ምን ያህል እንደነበረ ሲያሰላ የሚታይ ሰው ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ናርዶስም እንደ አባል ድርሻዋን ተቀበለች። እጇ ትንሽ ተነሣ፣ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከሃያ ዓመት ወዲህ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

ወደ መድረኩ ማንም ቶሎ አላየም። ሲያዩ፣ አቶ ናሆም አፋቸው እንደተከፈተ፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቆመዋል፤ ግራ እጃቸው ግራ ጆሮአቸው ላይ ነው፤ ሊያወርዱት ይሞክራሉ፤ አይወርድም። ዕድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ድርሻቸውን ሳይቀበሉ የቀሩበት አንድም ቀን የለም።